ጣና ዳር ያመሸንባቸው ጥያቄዎች፦ ጨረቃ እዚህ ተኝታ ስቶክሆልም ለምን ትቆማለች?

የጣና ዳር ልጅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥምቀት በኋላ ልጅነታችንን አብረን ያሳለፍን ጓደኞች ባሕር ዳር ተገናኝተን ነበር። አንዱ ከመተማ፣ አንዷ ከደብረ ታቦር መጥተዋል፤ ሌሎቻችን የዚሁ ከተማ ነን። ሐይቁ ዳር ምንጣፍ አንጥፈን፣ ዓሣ ጠብሰን፣ የሽምብራ ንፍሮ ጥደን ስናወጋ አመሸን። ጨዋታው ከትዝታ ወደ ጥያቄ ተሸጋገረ፤ መልሱን ሳናገኝ ተለያየን። እዚህ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ ጥያቄዎቹን ይዤ መጣሁ።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን የጨረቃ ነገር ነው። ስቶክሆልም የምትኖር ጓደኛችን በስልክ አብራን ታወራ ነበርና የማታዋን ቀጭን ጨረቃ ፎቶ አንሥታ ላከችልን። የእኛዋ ጨረቃ ምዕራብ ላይ ሁለቱን ጫፎቿን ወደ ሰማይ አድርጋ እንደ ታንኳ ተንጋልላለች። የእሷዋ ግን በአንድ ጎኗ ተነሥታለች። ያው አንድ ጨረቃ፣ ያው አንድ ምሽት! ከመካከላችን አንዱ «ስልኩን አጋድማ ይዛው ነው» አለ። እሷ ደግሞ ከጨረቃዋ በታች የሚታየውን ጣሪያ አሳየችን፤ ጣሪያው ቀጥ ብሏል። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሌላው ከድስቱ የመጣ ነው። የመተማው ልጅ «እኛ ዘንድ ንፍሮ ይህን ያህል አያስጠብቅም» ሲል፣ የደብረ ታቦሯ ደግሞ «እኛ ዘንድማ ከዚህም ይብሳል» አለች። ሽምብራው የአንድ ገበያ፣ ከሰሉም ያው ከሰል ነው። እንደገናም አምባዛው ጥሩ ተጠብሶ ሳለ ውስጡ የጭቃ ጣዕም ነበረው፤ ቆሮሶው ግን ምንም አልነበረበትም። በመጨረሻም አንድ ብርሃን ሳይርገበገብ ሰማዩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ አይተን፣ ከአናታችን አለፍ እንዳለ በጠራ ሰማይ ላይ ጠፋብን። የምታውቁ ንገሩን።

የፊዚክስ መምህር (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡52)

እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው! ጓደኛችሁ ያየችው ትክክለኛውን ነው።

የጨረቃ ብሩህ ጎን ምንጊዜም ወደ ፀሐይ የዞረ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአድማስ በታች በየት በኩል እንዳለች ካወቅን፣ ጨረቃ በምን አኳኋን እንደምትታይም እናውቃለን። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሞላ ጎደል ቁልቁል ነው የምትወርደው። ምሽት ላይ ጨረቃን ስታዩ ፀሐይ ከሥሯ፣ ከአድማሱ ማዶ አለች። ስለዚህ የሚበራው የጨረቃ ሆድ ነው፤ ጫፎቿ ወደ ላይ ይቀራሉ።

ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ናት። እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ቀኝ እየተንሸራተተች ነው። ጨረቃን ስታዩ ፀሐይ ከታች በቀኝ በኩል ትሆናለች፤ የሚበራውም የቀኝ ጎኗ ነው። ጨረቃ የተነሣች የምትመስለው ለዚህ ነው። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ጆሃንስበርግ የምታውቁት ሰው ካለ ፎቶ አስልኩ፤ በተቃራኒው ጎኗ ዘንበል ብላ ታገኟታላችሁ።

ወቅቱም ድርሻ አለው። በእኛ ሰማይ የማታዋ ጨረቃ በደንብ የምትጋደመው ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው፤ በመስከረም ግን እዚህም ቢሆን ወደ ጎን ታዘነብላለች። ስቶክሆልም በመስከረም ጭራሽ ቀጥ ብላ ትቆማለች ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ የሚጨልመውም በዚሁ ቁልቁል አወራረድ የተነሣ ነው። በሰኔ ስቶክሆልም ሌሊቱ በደንብ አይጨልምም፤ ፀሐይ ከአድማስ ሥር ብዙ ሳትርቅ አግድም ሄዳ ተመልሳ ትወጣለች። የእኛ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በ80 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

ከስቶክሆልም (እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡30)

ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ። መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ክርክሩን አሸነፍሁ ማለት ነው።

እዚህ በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሥራ ስወጣ ጨልሟል። ከእነሱ ጋር በስልክ ሳወራ የዓሣው ጥብስ ሲንጫጫ ይሰማኛል፤ ሳቃቸውንም እሰማለሁ፤ አብሬያቸው የማየው ነገር ግን አልነበረኝም። ጨረቃዋን በአንድ ጊዜ ማየታችን ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ብርሃኗ ከእሷ ዘንድ ወደ ሁላችንም የሚደርሰው በ1.3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ይህን አንብቤ ለእነሱም ነገርኋቸው። መምህር፣ ከጨረቃ ሌላ በአንድ ሌሊት ከሁለቱም ቦታ ልናየው የምንችለው፣ በቀላሉ የሚገኝ ነገር ይጠቁሙን።

የፊዚክስ መምህር (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05)

እህቴ፣ የሰሜን ኮከብ አለላችሁ። ይህ ኮከብ ከአድማስ የሚነሣበት ከፍታ ሰውየው ከቆመበት ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በዲግሪ ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። እጅን ዘርግቶ የተጨበጠ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። አንቺ ስድስት ጡጫ ያህል ወደ ላይ ቆጥረሽ ታገኚዋለሽ። የባሕር ዳር ጓደኞችሽ ከአንድ ጡጫ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የሚያዩት። ከተማችን በሐይቁ ደቡባዊ ዳር ላይ ስለሆነች ሰሜኑ ውኃው ነው። ኮከቡ በቀጥታ ከጣና በላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ደመናና ጭጋግ በሌለበት ሌሊት ከመብራት ራቅ ብሎ መፈለግ ነው።

ብርሃኑ ከኮከቡ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ 430 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ የምናየው ብርሃን ጉዞ ሲጀምር በእኛ አገር ዘመኑ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነበር። በእሳቸው ስም የሚታወቀው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከእንፍራዝ አጠገብ ጣናን ቁልቁል እያየ ዛሬም ቆሟል። ተማሪዎቼን እዚያ ወስጄ ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ከጎርጎራ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40)

እኛ ደግሞ ከሰሜኑ ዳር ስለሆንን ከውኃው በላይ የምናየው ደቡቡን ሰማይ ነው። በግንቦት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ከደብረ ሲና ማርያም ወረድ ብሎ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ብሩህ ኮከቦች በደንብ ያያል። ከፍታቸው ከአድማስ ሁለት ጡጫ ገደማ ነው። የስቶክሆልሟ እህታችን እነዚህን ከአገሯ ሆና ፈጽሞ አታያቸውም፤ ስትመጣ ጎርጎራ ብቅ ትበል።

የባሕር ዳር ሰዎች አንዳንዴ «ጎርጎራ ከዚህ አትታይም፣ ጭጋግ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ጭጋጉ ብቻ አይደለም። በመካከላችን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ አለ። ውኃው ዳር ለቆመ ሰው አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ መሬት በክብነቷ ትጎብጣለች። የእኛ ዳርቻ ከእናንተ ዓይን ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተሸፍኗል። ራቅ ያለችውን ጀልባ በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የሚሰወረው ሆዷ ነው፣ ቀዛፊው ግን ገና ይታያል።

ዓሣ ጠባሿ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15)

እኔ ስለ ድስቱና ስለ ምጣዱ ልናገር። ኑሮዬ ዓሣ መጥበስ ነው።

ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ አይጣድም። ማታ በብዙ ውኃ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውኃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውኃ ጣዱት። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ሎሚም ቲማቲምም ቀድማችሁ አትጨምሩ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ የገባበት ጥራጥሬ እየጠነከረ ያስቸግራል፤ ከበሰለ በኋላ ግን የፈለጋችሁትን አድርጉበት።

አምባዛ ላይ ሎሚው ተቃራኒውን ያደርጋል። ቆዳውን ግፈፉት፤ ከሆዱ በኩል ያለውን ጠቆር ያለ ሥጋና ስብ አንሡለት፤ ሥጋውን በሎሚና በጨው እሹት፤ ጥቂት አቆይታችሁ በደንብ እጠቡት። ከዚያ በኋላ በአዋዜም ቢሆን በዱቄት ተለውሶ ቢጠበስ ማንም የጭቃ ጣዕም አለው አይልም። ደንበኞቼ አምባዛን ከቆሮሶ አስበልጠው ያዝዛሉ። ሎሚው ለምን እንደሚሠራ የተማራችሁ ብታስረዱን እወዳለሁ።

የሥነ ሕይወት ተማሪ (ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20)

እትዬ፣ እጅዎ ያወቀውን ኬሚስትሪም ያረጋግጥልዎታል። የጭቃ ጣዕሙን የሚያመጣው ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህን የሚሠሩት በውኃና በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓሣው ከውኃው በስንጥቡም በምግቡም ይወስደዋል፤ ንጥረ ነገሩ ከስብ ጋር ስለሚስማማ ስብ ባለበት ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ስቡን ማንሣትዎ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። አሲድ ሲነካው ደግሞ ጂኦስሚን ይፈርሳል፤ የሎሚው ሥራ ይህ ነው። አምባዛ ከሐይቁ ወለል አካባቢ የሚውል ዓሣ መሆኑም አይረሳ።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። የበጋው አቧራ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚነሣው፣ ሁላችንም ቆመን የምንስበው የአፈር ሽታ አለ አይደል? ከእሱ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው ጂኦስሚን ነው። በአፍንጫችን የምንናፍቀውን በምላሳችን እንሸሸዋለን። የሰው አፍንጫ ለዚህ ሽታ እጅግ ንቁ ነው፤ ከትሪሊዮን ውስጥ ጥቂት እጅ ብቻ ቢኖር ይለየዋል።

ስለ ንፍሮው ደግሞ፦ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳር ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች 91 ላይ ይፈላል፤ መተማ ቆላ ነውና ወደ 98 ይጠጋል። ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበትም ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ቶሎ ይተናል እንጂ። ስለዚህ ሦስቱም ጓደኛሞች ትክክል ነበሩ። እትዬ ክዳኑ ላይ የሚጭኑት ድንጋይ እንፋሎቱን ያፍናል፤ ሙቀቱም አይባክንም። ክዳኑ የሚቆለፈው ድስት ግን ግፊቱን በእርግጥ ከፍ ስለሚያደርግ ውኃው ከ100 ዲግሪ አልፎ ይሞቃል። ለደብረ ታቦሯ እህት ይህን እመክራለሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ (ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡45)

የሚሄደውን ብርሃን እኔ ልመልስ፣ እባካችሁ! በገለጻችሁት መሠረት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሳይሆን አይቀርም። ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ መሬትን አንድ ጊዜ ለመዞር 90 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። የራሱ መብራት አይደለም የሚታየን። እኛ ዘንድ ጨልሞ እያለ እሱ ከፍ ስላለ ገና ፀሐይ ያገኘዋል፤ የምናየው የፀሐይ ነጸብራቅ ነው። በጠራ ሰማይ ላይ የጠፋባችሁ የመሬት ጥላ ውስጥ ስለገባ ነው። አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ተከታትለው በአንድ መስመር የሚሄዱ ብዙ ነጥቦች ካያችሁ ደግሞ አዲስ የተላኩ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው።

እዚያ ውስጥ ሰዎች እንዳሉ ሳስብ ይደንቀኛል። እኛ ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ እነሱ ከአናታችን ያልፋሉ። አገራችንም የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃለች፤ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ ሥራዋም መሬትን ፎቶ ማንሣት ነበር። መረጃዋን ይቀበል የነበረው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይህን መማር እፈልጋለሁ።

ከአባይ ማዶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ጎበዝ ልጅ! በርታ።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ የምሰማውን ላምጣ። አባይ ከግልገል አባይ መጥቶ ከጣና ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። አያቶቻችን በዓይናችን አየን ይሉ ነበር። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የሥነ ሕይወት ተማሪ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ጋሼ፣ አያቶቻችን በእርግጥ ያዩት ነገር አለ። በክረምት ግልገል አባይ ጣና ውስጥ ሲገባ በደለል ቀይ ቡናማ ሆኖ ነው፤ ከአፉ ጀምሮ ያ ቀለም ሐይቁ ላይ ረጅም ርቀት ተለይቶ ይታያል። ነገር ግን ከሐይቁ ሁሉ አልፎ ተለይቶ አይወጣም። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ከሁሉ የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ነፋሱ ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል። ደግሞም ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ውኃ አለ። ሁሉም እዚያው ይዋሐዳሉ፤ አባይ ሆኖ የሚወጣው የሐይቁ ውኃ ነው። ግልገል አባይ ከገባሮቹ ሁሉ ትልቁ መሆኑ ግን እውነት ነው።

ከአባይ ማዶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35)

ሁሉንም አልቀበልህም፤ ወንዝ ጉልበት አለው። ጭስ አባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ተወርውሮ የሚወርድ ውኃ ሐይቅ ውስጥ ዝም ብሎ ይጠፋል ለማለት ይከብደኛል።

ጀልባ ነጂው (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በዚህ ውኃ ላይ የጨረስሁ ሰው ነኝና ስሙኝ። ወንድሜ፣ የወንዙ ጉልበት ያለው ገደሉ ላይ ነው። ሐይቁ ላይ ጉልበት ያለው ነፋስ ነው። ከወንዙ አፍ ጥቂት ከራቅህ ጀልባህን የሚገፋ የወንዝ ውኃ አታገኝም። ልጁ እውነቱን ነው።

ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል። ከ5 ሰዓት ወዲህ ፀሐዩ መሬቱን ያግለዋል፣ ውኃው ግን ቶሎ አይሞቅም፤ የጋለው አየር ሲነሣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው ወደ ከተማው ይገባል። ከሰዓት በኋላ ማዕበል የሚነሣው በዚህ ነው። ዘጌ ለመሄድ ያሰበ በጠዋት ይነሣ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ፣ በቡናው ጫካ ተዘዋውሮ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ይመለስ። ከሰዓት ካልሆነ አልሄድም የሚል እንግዳ ሲገጥመኝ ገንዘቡን አልቀበልም።

ሐይቁ ዳር ለምታመሹ፦ ጉማሬ በሌሊት ሣር ሊግጥ ከውኃ ይወጣል። በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና ደንገል በበዛበት ዳርቻ ተጠንቀቁ። ካያችሁት በእሱና በውኃው መካከል አትቁሙ፤ መመለሻውን የዘጋችሁበት ሲመስለው ነው የሚገድለው። ምንጣፋችሁን ከዳርቻው ራቅ አድርጋችሁ አንጥፉ፣ መብራትም ያዙ።

ስለ ነጭ ዓሣ ማንም አላነሣም፤ ይህ ያሳስበኛል። በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣል። በዚያ ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጉ፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ የሚበትኑ አሉ። በአንድ ቀን የሚያዘው ብዙ ነው፤ የሚጠፋው ግን የመጪው ዓመት ዓሣ ነው። እባካችሁ በክረምት እንቁላል የቋጠረ ነጭ ዓሣ አትግዙ። ገዢ ካጣ የሚያጠምደው ይቀንሳል።

የሥነ ሕይወት ተማሪ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00)

አባባ፣ ይህን ስላነሡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔም የማጠናው ይህንኑ ነው። እኛ በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንላቸው ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ናቸው፤ ከዚህ ሐይቅ ሌላ በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የሚገርመው፣ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሌሎች ዓሦችን አድኖ ለመብላት እንዲህ ያለ አፍ አይመችም። ሆኖም ጣና ውስጥ ከግማሽ የማያንሱት አዳኞች ሆነዋል። ይህ ሁሉ የተፈጠረው ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የወንዙን መውጫ ዘግቶት ከተፈጠረ በኋላ፣ ዓሦቹ በየፊናቸው ተለውጠው ነው። እንዲህ ያለ ሀብት በመረብ ሲያልቅ ማየት ያማል። አባባ እንዳሉት በክረምት አትግዙ።

ዘጌ ቡና (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር አሰብሁ። ጥያቄዎቹ የመጡት በአንድ ትሪ ዙሪያ ከተቀመጡ ሰዎች ነው። ብቻዬን ስበላ ጨረቃ ለምን ተኛች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አብሮ መብላት ሰውን በእርግጥ ያቀራርባል ወይስ የተቀራረቡ ሰዎች ናቸው አብረው የሚበሉት?

የፊዚክስ መምህር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50)

ከሙያዬ ውጭ ቢሆንም ያነበብሁትን ላካፍል። ኬትሊን ዉሊ እና አየለት ፊሽባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት አለ። የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡ። ገሚሶቹ ከአንድ ሳህን፣ ገሚሶቹ ከየራሳቸው ሳህን አንድ ዓይነት ምግብ በሉ። ከዚያም ስለ ደመወዝ እንዲደራደሩ ተደረገ። ከአንድ ሳህን የበሉት ቶሎ ተስማሙ። ሰዎቹ እንግዶች ስለነበሩ ቅርበቱ ቀድሞ የመጣ አይደለም። ከአንድ ሳህን ስንበላ ሌላው ምን ያህል እንደቀረለት ማየት፣ እጃችንን መመጠን አለብን፤ ይህ መተያየት ነው የሚሠራው ይላሉ። ከትሪው ጥሩውን ሥጋ ወደ እንግዳ የሚገፉ እናቶች ላሳደጉን ሰዎች ይህ ግልጽ ነው።

ከስቶክሆልም (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

እዚህ ሁሉም በየሳህኑ ነው የሚበላው። ባለፈው እንጀራ ጋግሬ የሥራ ባልደረቦቼን በአንድ ትሪ አበላሁ። መጀመሪያ ተሽኮረመሙ፤ በኋላ ግን ማንም ቶሎ መሄድ አልፈለገም።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔና እነሱ ከማየት አልፈን አብረን የምንሠራው ነገር ይኖር ይሆን?

የፊዚክስ መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

አለ፤ መሬትን ለኩ።

ኤራቶስቴንስ የተባለው የእስክንድርያ ሊቅ ከ2,200 ዓመት በፊት ይህን አድርጓል። አስዋን ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በምትሆንበት ቀን እስክንድርያ ላይ ጥላ እንዳለ አይቶ፣ ከጥላው ልዩነትና ከከተሞቹ ርቀት የመሬትን ዙሪያ አሰላ። የእኛ ባሕር ዳር ለዚህ ከአስዋን አታንስም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 17 ገደማ፣ ፀሐይ በትክክል ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ነሐሴ ደመና ነው፤ ሚያዝያ ይሻላል።

በዚያ ቀን ባሕር ዳር ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላ አይኖረውም። ስድስት ሰዓት ላይ ያልሆነው ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ ነው። አንቺም በዚያው ቀን ስቶክሆልም ላይ የ1 ሜትር ዱላ ትተክያለሽ፤ በእናንተ ሰዓት ከቀኑ 6፡47 ገደማ ጥላው ከሁሉም ያጥራል። ያን ጊዜ ለኪው። 110 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ታገኛለሽ። ከዚህ የሚገኘው ማዕዘን 48 ዲግሪ ያህል ነው። በደቡብና በሰሜን መካከል ያለው ርቀታችሁ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 5,300ን በ360 አባዝቶ ለ48 ማካፈል ብቻ ይቀራል፤ 40,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁጥር ይወጣል፤ የመሬት ዙሪያ ይህ ነው።

የጣና ዳር ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ይህን እናደርገዋለን! የመተማውም የደብረ ታቦሯም ለሚያዝያ 12 እንዲመጡ አሁን ደወልሁላቸው፤ ሁለቱም እሺ ብለዋል። ዓሣ ጠባሿን እትዬንም ለአምባዛው እንጋብዛለን፤ ሽምብራውን ማታውኑ እንዘፈዝፋለን። ዱላው ቀጥ ማለቱን በምን እናረጋግጥ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48)

በክር ድንጋይ አንጠልጥሉና ከዱላው ጋር አስተያዩት፤ በሁለት በኩል፣ ከሰሜንም ከምሥራቅም እያያችሁ። መሬቱ ደልዳላ መሆኑን በሳህን ውኃ እዩ። ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉበት። እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ልምጣ?

የጣና ዳር ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52)

ና እንጂ! ሜትርና ጠጠር ይዛችሁ ኑ።

ጀልባ ነጂው (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ቀጥ ያለ የቀርከሃ ዘንግ አለኝ፤ በሜትር ለክቼ እቆርጥላችኋለሁ። ሁለት ቁረጡ ካላችሁኝ ሁለት እቆርጣለሁ፤ አንዱን ወደ ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው ካገኛችሁ ላኩላት።